በበረዶ ላይ የረዘመ ጸሎት

ከሰው ጋር ቃል አላበዛም። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ እዚያ “ዝምተኛዋ” ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ስልክ ደውዬ “ዳቦ” ብቻ ብዬ እንደምዘጋበት ለሰው ሁሉ ያወራል። ምን ልጨምር? የጠፋው ዳቦ ነው።

ከእግዚአብሔር ጋር ስሆን ግን ሌላ ሰው ነኝ። የቆጠብኩት ቃል ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው። ለምስጋና ስነሣ ከጥርሴ እጀምራለሁ፤ ስለማያመኝ። ከዚያ ወደ ጉልበቴ እወርዳለሁ። ከዚያ የመኪናችን ባትሪ ይከተላል። በስልክ አብረውኝ የሚጸልዩ እህቶች “ዛሬ ጸሎቱን የምትዘጋው እሷ ናት” ከተባለ ድስታቸውን ከእሳት አውርደው ነው የሚመጡት።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ በምክንያት ነው። ኋላ ላይ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይጠፋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከአሁኑ እንዲገባችሁ ነው።

ልጄ ፌቨን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ፈረንጅ አገር ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ በአጥር ላይ እንደሚነጋገሩ ጎረቤቶች ነን። እዚህ የምትለውን በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ብቻ ቁጣዋን በእንግሊዝኛ አስቡት።

አምና በረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች ክበብ ገባች። የሌላ ሰው ልጅ ቫዮሊን ይዛ ወደ ቤት ትመጣለች። የእኔ በፕላስቲክ ዕቃ ትል ይዛ መጣች። ፍሪጅ ውስጥ ከእርጎው ጎን አስቀመጠችው። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ክዳኑን ሲከፍት ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ የሚከፍተው አንኳኩቶ ነው።

“ዓሣ እኮ ሱቅ አለ” አልኳት።

“ማም፣ ነገሩ ስለ ዓሣው አይደለም።”

“ስለ ምንድን ነው?”

አሰበች። “ስለ መጠበቅ” አለች።

ይህች ልጅ ማይክሮዌቩ አሥር ሰከንድ ሲቀረው የምትከፍት ልጅ ናት። መጠበቅን ከሐይቅ የምትማር ከሆነ ሐይቁ ይባረክ።

ክበቡ በዓመት አንድ ቅዳሜ ልዩ ቀን አለው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ይመጣል፤ በረዶ ላይ አጥምዶ የማያውቅ ሰው። ልጁ ያስተምረዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ ልጁ ምንም ነገር በእጁ አይነካም። በአፉ ብቻ ያስተምራል። ጀማሪው ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ ትል ሰክቶ፣ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አንድ ዓሣ ማውጣት አለበት። ጀማሪያቸው ዓሣ ካወጣላቸው ልጆች መካከል አንዱ ይመረጥና በሚቀጥለው ዊንተር ትንንሾቹን ልጆች ያስተምራል።

ፌቨን ይህን ምን ያህል እንደፈለገችው ያወቅሁት፣ ማንም ሳያዛት ክፍሏን ስላጸዳች ነው።

መጀመሪያ አባቷን ጠየቀች። አባቷ በአንድ ትንፋሽ ወገቡንም፣ ጉልበቱንም፣ የቅዳሜ ሥራውንም ጠራ። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በበሩ ተደግፋ “እማዬ፣ አንቺ ትመጪልኛለሽ?” አለችኝ።

በአማርኛ ነው ያለችው። ፌቨን አማርኛዋን እንደ ክት ልብስ ነው የምታወጣው፣ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ።

“እሺ” አልኩ። ሐይቅ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ክሪስታል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ፕራክቲስ አደረግን። ዘንግ ስትለኝ ረጅም ነገር መስሎኝ ነበር። የወጥ ማማሰያ ቁመት ነው። ፌቨን በባልዲ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ምንጣፉ ላይ ሳህን አደረገች፣ ሳህኑን ቀዳዳ ነው አለችኝ። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትምህርት ጀመረች።

“ማም፣ ዓሣው በብርድ ጊዜ ሰነፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይቀምሳል እንጂ ጎትቶ አይሄድም። የዘንጉ ጫፍ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ነው የምታውቂው። ስለዚህ ዓይንሽን ከጫፉ እንዳታነሺ። ትልቅ ዓሣ ከመጣ ደግሞ ዘንጉን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከእጅሽ እንዳትለቂው። ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ።”

“ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ” የእኔ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስጠቀምበት ኖሬ፣ እንዲህ እንደሚያናድድ አላውቅም ነበር።

“ዓይን ከጫፉ። ዘንግ ከእጅ” አልኩ።

“ጎበዝ” አለችኝና አናቴን መታ መታ አደረገችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንወጣ ሰባት ልብስ ለብሼ ነበር። የላይኛው የባለቤቴ ሱሪ ነው። ማታ የጠበስኩትን የምስር ሳንቡሳ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያዝኩ፣ ለክበቡ ሁሉ የሚበቃ። ፌቨን “ማም፣ እኛ የምንሄደው አንድ ዓሣ ልንይዝ ነው” አለችኝ። ባዶ እጅ ወደ ሰው አይኬድም። ሰዎቹ በሐይቅ ላይ ቢሆኑም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ እግሬ እንቢ አለ። በውሃ ላይ መራመድ የእምነት ሥራ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ግን በጭነት መኪና ነው የሚሄዱበት። አንዱ ድንኳን ተክሏል፣ ሌላው ወንበር ዘርግቶ ሥጋ ይጠብሳል። አንድ ጫማ ውፍረት ያለው በረዶ ነው፣ መሪያችን ለክታዋለች አለችኝ ፌቨን። እኔም እንደ ሙሽራ አንድ አንድ እርምጃ እየቆጠርኩ ገባሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሐይቁ አጓራ። ከሥሬ፣ ከጥልቁ፣ እንደ በሬ።

“ማም፣ ሪላክስ አድርጊ። ጥሩ ድምፅ ነው። በረዶው እየወፈረ ነው።”

እኔ ባደግሁበት መሬት ሲያጓራ ሰው ይሸሻል። እዚህ ጥሩ ድምፅ ነው ብሎ ሳንድዊች ያወጣል።

የክበቡ መሪ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ግዙፍ ሴት ናት። ሕጉን ደግማ ነገረችን። ከዚያ ልጆቹን ሁሉ “እጅ ወደ ኪስ!” አለቻቸው። ፌቨን ሁለቱን እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ከእኛ ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው እጇን ኪሷ የከተተች ልጅ ቆማለች። የፌቨን ጓደኛ ሰሚራ ናት፣ ሽማግሌው አያቷ ናቸው። አዩኝ።

“ሐበሻ ነሽ?”

“ነኝ ጋሼ።”

“እሰይ! ብቻዬን ያበድኩ መስሎኝ ነበር።”

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ አሁን ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። “ልጄ፣ ይህች ሰሚራ በሌሊት ከአልጋ ላይ ነው ያነሣችኝ” አሉኝ። ሳንቡሳ ሰጠኋቸው። የምስር መሆኑን ነገርኳቸው። መረቁኝ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። የእጅ መሰርሰሪያው ደረቴ ድረስ ይደርሳል። ጫፉን በረዶው ላይ ተክዬ መዘውሩን ስገፋ መሰርሰሪያው አልዞረም። እኔ ዞርኩበት። ሁለት ጊዜ።

“ማም፣ አንቺ ቁሚ። እሱ ይዙር።”

“ንገሪው።”

“እግርሽን ክፈቺ። በላዩ ተጫኚ። ቀስ ብለሽ፣ ቀስ!”

ልጄ እጇ ኪሷ ውስጥ እየተላወሰ፣ በአገጯ፣ በቅንድቧ፣ በትከሻዋ ታሳየኛለች። ቃል ሲያጥራት በጉልበቷ ትጠቁማለች። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ውሃው ቡልቅ ብሎ ሲወጣ “በኢየሱስ ስም!” ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ከጎን ጋሽ ሰይድ “አይዞሽ፣ ውሃ ነው!” አሉኝ።

የተሰባበረውን በረዶ ከቀዳዳው የሚያወጡት ቀዳዳ ባላት ጭልፋ ነው። እዚህ ላይ ማንም አላስተማረኝም። ከመኮረኒ ድስት ጋር ስታገል የኖርኩ ሴት ነኝ። መሪዋ ቆማ አየችኝና አውራ ጣቷን አነሣችልኝ። ፌቨን ኩራቷን ለመደበቅ ወደ ሰማይ አየች። ትሉን መንጠቆው ላይ ስሰካ ግን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ክሩን ወደ ውሃው ለቀቅሁ። ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ተዘጋጅቶ አንድ ነገር ቀርቷል።

“እንጸልይ” አልኩ።

ፌቨን አየችኝ። “ማም… አጭር?”

“አጭር።”

አሁን ስለ ቤታችን ሕግ ልንገራችሁ። በጸሎት መካከል ማንም አይናገርም። አሜን እስኪባል ድረስ ስልክ ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ፣ አሜን ይቀድማል። ፌቨን የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ወተት ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋ ቆማ እያየች፣ አሜን ካልኩ በኋላ ነው የነገረችኝ። ያን ጊዜ ጉንጯን ስሜ አመሰገንኳት። በቤተ ክርስቲያንም ተነሥቼ መሰከርኩ። “ልጆቻችሁን እንዲህ አሳድጉ” ሳልል አልቀረሁም።

እጄን ዘርግቼ ነው የምጸልየው። ስለዚህ ዘንጉን ባልዲው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከጥርሴ ጀመርኩ። ወደ ጉልበቴ ወረድኩ። ስለ በረዶው ውፍረት አመሰገንኩ። ስለ ማጉራቱም። ስለ መሪዋ፣ ስለ ቀይ ኮፍያዋ፣ ስለ ጋሽ ሰይድ እርጅና፣ ስለ ሰሚራ፣ ስለ ትሏ። እዚህ ላይ የፌቨን ትንፋሽ ሲፈጥን ሰማሁ። መንፈስ ነካት ብዬ ደስ አለኝ፤ ጨመርኩ። ባለቤቴን ከነወገቡ አነሣሁ። ከዚያ ልጄ ሲቃ ተናነቃት። እኔም እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ጊዜ አይቋረጥም ብዬ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ዞርኩ።

“አሜን።”

“አሜን፣ ማም ዘንጉ ሄደ።”

ዓይኔን ገለጥኩ። ባልዲው አለ። ቀዳዳው አለ። ውሃው ይወዛወዛል።

“መቼ?”

“ለአባ ወገብ ስታመሰግኚ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እየጸለይሽ ነበር!”

“ለምን አልያዝሽውም?”

“መንካት አይፈቀድልኝም!”

ሁለቱ እጆቿ አሁንም ኪሷ ውስጥ ናቸው። እንባዋ ጉንጯ ላይ በረዶ ሊሠራ ነው። ዘንጉ የራሷ ነበር። አንድ ሰመር ሙሉ የጎረቤት ውሾች እያንሸራሸረች የገዛችው ነው። ሲነቀነቅ አይታዋለች። ሲጎተት አይታዋለች። ጫፉ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ሲሰናበታት አይታዋለች። ከአንድ ወገን የክበቡ ሕግ፣ ከሌላው ወገን የእናቷ ሕግ ይዟት፣ በመካከል ቆማ ጠበቀች።

በቤቴ ብዙ ሕግ አውጥቻለሁ። አብዛኛው አይከበርም። ጫማ በር ላይ ይወልቅ ብዬ እስካሁን እለምናለሁ። ይህ ግን በትክክል፣ ያለ አንዳች ጉድለት፣ በዚያ ቀን ተከበረ።

ጋሽ ሰይድ መጡ። “ምን ሆናችሁ?”

“ዘንጉ ገባ ጋሼ።”

“እንዴት?”

“ጸሎት ላይ ነበርኩ።”

ቀዳዳውን ጎንበስ ብለው አዩ። “አብሽሪ። በዱዓ ላይ የሄደ ነገር አይጠፋም” አሉ። ሁለተኛ ሳንቡሳ ወስደው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ብዙ አልቆየም። “ሰሚራ! ያዝኩ! ያዝኩ!” ብለው ጮኹ። ሰሚራ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ትዘላለች። “ባባ ቀስ! ባባ ሳበው!” እኛም ሮጥን። ሮጥን ማለቴ እሷ ሮጠች፣ እኔ ተንሸራተትኩ።

መንጠቋቸው የያዘው ዓሣ አልነበረም። ክር ነው። ክሩን ሲስቡት ከአንዱ ጫፍ የፌቨን ዘንግ ወጣ። “ዱዓ አይጠፋም አላልኳችሁም!” አሉ። ከሌላው ጫፍ ግን ክሩ አሁንም ይጎተታል። ሳቡ፣ ሳቡ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ በረዶው ላይ ወድቆ ተገላበጠ። ጋሽ ሰይድ መንጠቆውን ነቀሉለትና ቀና ብለው አዩኝ።

“ያንቺ ነው። ውሰጂው።”

እዚህ ላይ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብዬ ማንሣት ነበረብኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የልጄ ጉዳይ ነው። አፌ ግን ቀደመኝ።

“ኧረ ጋሼ፣ ያወጡት እርስዎ ነዎት።”

“በዘንግሽ ላይ ነው የመጣው።”

“በቀዳዳዎ ነው የወጣው።”

“ወላሂ አልነካውም!”

“በሞቴ ጋሼ፣ ይውሰዱት!”

“አንቺ ልጅ፣ ሳንቡሳሽን በልቼ ዓሣሽን ልወስድ?”

“እኔስ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ፊት ልስገበገብ?”

ምግብ ቤት በር ላይ “እኔ ልክፈል” ብለው የሚታገሉ ሐበሾች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የሆንነው። እሳቸው በጫማቸው ወደ እኔ ገፉት፤ እኔ ወደ እሳቸው መለስኩት። እንደገና ገፉት። ፌቨን “ማም!” ትላለች። ሰሚራ “ባባ!” ትላለች። ሁለቱ “አንዳችሁ አንሡት!” ብለው ይጮኻሉ።

መሪዋ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። “እየተጣሉ ነው?” ብላ ፌቨንን ጠየቀቻት።

“አይ” አለች ልጄ በተስፋ መቁረጥ፣ “እየተከባበሩ ነው።”

ለአራተኛ ጊዜ ገፋሁት። በረዶው ውሃ ስለ ነካው አንሸራተተው። ዓሣው የመከባበራችንን ማብቂያ ሳይጠብቅ በጋሽ ሰይድ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ገባ።

አራታችንም ቀዳዳውን ከበን ቆምን።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ጋሽ ሰይድ በመጨረሻ። “አልተጣላንም።”

ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ወደ ቦታችን ተመለስን። አዲስ ትል ሰካሁ፤ ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም። ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሊቆጣኝ የሚገባ ሰው ቢኖር ፌቨን ነበረች። ፊቴ ቁጢጥ አለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ክት አማርኛዋን አወጣች።

“እማዬ። ዓይን ጫፉ ላይ። ዘንግ እጅ ላይ። ዝም።”

ብዙ አልተናገረችም። የእኔ ልጅ ናት።

ዘንጉን ያዝኩ። ዓይኔን ጫፉ ላይ ተከልኩ። መጸለይ ግን አለብኝ፤ ካልጸለይኩ እኔ እኔ አይደለሁም። ዓይኔን ገልጬ በሕይወቴ አጭሩን ጸሎት ጸለይኩ።

“ጌታ ሆይ፣ እያየሁ ነው።”

ያ ብቻ ነው። ጥርስ የለ፣ ባትሪ የለ።

ነፋሱ ፊቴን ገረፈው። ዓይኔ አለቀሰ፤ አልጨፈንኩትም። የአረጋውያኑ ቤት ትዝ አለኝ። ሌሊት አልጋ ዳር ተቀምጬ ትንፋሽ የምጠብቅበት ሥራ ነው ሥራዬ። መጠበቅ አውቃለሁ። ይህንንስ አውቀዋለሁ፣ በባልዲ ላይ መሆኑ ነው እንጂ።

ጫፉ ተንቀጠቀጠ። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ሽፋሽፍት የሚንቀጠቀጠውን ያህል ብቻ።

“ቆዪ” አለች ፌቨን በሹክሹክታ። “ቆዪ… ቆዪ… አሁን!”

ሳብኩ። የሆነ ሕያው ነገር ከታች መለሰልኝ። “ቀስ በይ፣ ክሩን አታላዪው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እማዬ!” እያለች በአማርኛ ትጮኻለች፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። አወጣሁት። ሰንፊሽ የሚሉት ዓሣ ነው፣ የመዳፌን ስፋት የሚያህል። ሆዱ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው።

ፌቨን ወደ መሪዋ ዞረች። “አሁን መንካት እችላለሁ?”

መሪዋ ሰዓቷን አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ልጄ እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ዓሣውን አልነካችም። እኔን ነው የያዘችኝ።

ቃል አላበዛም ብያለሁ። እልልታ ግን ቃል አይደለም። ሦስት ጊዜ አቀለጥኩት። ከየድንኳኑ ራስ ብቅ አለ። ሥጋ የሚጠብሰው ሰውዬ መቆንጠጫውን አነሣልኝ። ጋሽ ሰይድ ምንም ሳያወጡ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ግን ከሁላችንም በላይ አጨበጨቡ። “ሐይቁ እኔን ሁለቴ ጎብኝቶኛል” አሉ። “አንዴ ዘንግ፣ አንዴ ዓሣ። ምን ጎደለኝ?”

ዓሣ ያወጡ ሌሎች ጀማሪዎችም ነበሩ። ከሁሉ ትንሿ የእኛ ናት። መሪዋ ግን የጠራችው ፌቨንን ነው። “ዘንጓ ሲሄድ እጇን ከኪሷ ያላወጣች፣ እናቷ ዓሣ በእግሯ ስትመልስ ያልጮኸች…” አለችና ቆመች፤ መጮኋ ትዝ አላት። “ብዙም ያልጮኸች” ብላ አረመችው። “ትንንሾቹን የማምነው ለእሷ ነው።” ሰሚራ ከሁሉ ቀድማ ሮጣ አቀፈቻት። የተረፈውን ሳንቡሳ ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው። አልወስድም አሉ። በዚህኛውስ አልተሸነፍኩም፣ መኪናቸው ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ማታ ያቺን ዓሣ ጠበስኳት። ለሦስት ሰው ከፋፈልኳት። ባለቤቴ ሳህኑን አይቶ “ቀሪው የታለ?” አለ። ፌቨን “ቀሪው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ እማዬ መልሳው” አለችው።

“ማን ይጸልይ?” አልኩ።

በቤታችን ፌቨን ስትጸልይ አራት ቃል ናት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሹካ እንደያዘች። ያን ቀን ሹካዋን አስቀመጠች። እጇን እንደ እኔ ዘረጋች። ዓይኗን ጨፈነች።

“ጌታ ሆይ” አለች በአማርኛ፣ “ስለ ጥርሴ አመሰግንሃለሁ። የታሰረበት ብሬስ በቅርቡ ስለሚወጣ።”

ከዚያ ቀጠለች። ስለ በረዶው። ስለ ማጉራቱ። ስለ ጋሽ ሰይድና ስለ ሰሚራ። ተመልሶ ስለ መጣው ዘንግ። ተመልሶ ስለ ሄደው ዓሣም። ስለ አባቷ ወገብ። ቃል ሲጠፋባት ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ፈልጋ ታገኘዋለች።

እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ዓይንሽን እንዳታነሺ ተብያለሁ። ልጄን እያየሁ ነበር።

ስለ እናቷ ስትደርስ ረዘመ። ዓሣው በረደ። ባለቤቴ በአንድ ዓይኑ ሳህኑን ያያል። ማንም አልተናገረም።

አሜን አልተባለማ።